የወንዝ ዳር ከተማን መልክዓ ምድርና አገልግሎት እንዴት እንጻፍ? ቦርከናን ተከትሎ

ስለ አንዲት የወንዝ ዳር ከተማ ለመጻፍ የተነሣ ሰው ብዙውን ጊዜ ትምህርት ቤቱን፣ ጤና ጣቢያውንና መናኸሪያውን ይቆጥርና ሥራውን የጨረሰ ይመስለዋል። የቦርከናን ወንዝ ዳርቻ የሚያውቅ ወሎዬ ግን ከውሃው ይጀምራል፤ ትክክለኛው አጀማመርም ይኸው ነው።

አስቀድመው ወንዙ ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደሚሄድ ይጻፉ። ቦርከና ከደሴ ዙሪያ ደጋ ይነሣና ወደ ኮምቦልቻ ይወርዳል፤ ከዚያም የጨፋን ሜዳ አቋርጦ በከሚሴ በኩል ወደ አዋሽ ያመራል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሚገኙ፣ 25 ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወረዳል። ደሴ ላይ ጋቢውን ተከናንቦ የተሳፈረ መንገደኛ በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለውን የሐረጎን ቁልቁለት ሲወርድ ጋቢውን አጥፎ ጉልበቱ ላይ ያስቀምጣል። ይህን ማስፈር የከፍታውን ቁጥር ለአንባቢ ግልጽ ያደርግለታል።

ቦታውን አንድ ጊዜ ብቻ አይተው አይጻፉ። በነሐሴ ውሃ የተኛበት የጨፋ ረግረግ በበጋ ለምለም ግጦሽ ስለሚሆን፣ ከአፋርና ከሌላውም ቆላ አርብቶ አደሮች ከብቶቻቸውን እየነዱ ይመጡበታል። ስለዚህ የገበያውና የመንገዱ መልክ ከወቅት ወቅት ይለያያል፤ በጥር የተጻፈው ለነሐሴ አይሠራም።

የጎርፉን ከፍታ ለማወቅ በወንዙ ዳር ያሉትን ዛፎች ቅርንጫፍ ልብ ብለው ይመልከቱ። የደረቀ ሣርና የተቀዳደደ ፌስታል ተጠላልፎ የቀረበት ቦታ ውሃው የደረሰበት ነው፤ ከወንዙ ወለል እስከዚያ ድረስ በገመድ ይለኩ። ከዚያም በአካባቢው የኖሩ አዛውንት ካገኙ፣ «አባባ፣ ውሃው ከዚህም በላይ የወጣበት ክረምት ነበር?» ብለው ይጠይቁ።

ወደ አገልግሎቱ ሲመጡ ወፍጮ ቤቱን፣ ባንኩንና መድኃኒት ቤቱን በአጭሩ መጥቀስ ይበቃል። ውሃና ድልድይ ግን ሰፊ ቦታ ይገባቸዋል። የቦኖው ውሃ በየስንት ቀኑ እንደሚመጣ፣ ሴቶች ልብስ የሚያጥቡት በየትኛው በኩል እንደሆነ፣ ወንዙ ሲሞላ ከማዶ ያሉ ልጆች ትምህርት ቤት መድረስ ይችሉ እንደሆነ በዝርዝር ይግለጹ። የኮምቦልቻን ያህል ፋብሪካ ያለበት ከተማ ከሆነ፣ ከከተማው በላይ ያለውን ውሃና ከከተማው በታች ያለውን ለይተው ያስፍሩ፤ ከታች ያለው ገበሬ አትክልቱን የሚያጠጣው በዚያው ውሃ ነውና ይህ ፈጽሞ ሊታለፍ አይገባም።

ስለ ገበያ ሲጽፉ ቀኑን ብቻ ሳይሆን ማን ምን ይዞ እንደሚመጣ ይናገሩ፤ የባቲ ሰኞ ገበያ የሚታወቀው የደጋውንና የቆላውን ሰው በማገናኘቱ ነው።

በመጨረሻ ረቂቁን ለነዋሪዎች ያንብቡላቸው። በከሚሴ አካባቢ አንድ ቦታ በአማርኛና በኦሮምኛ የተለያየ ስም ሊኖረው ስለሚችል፣ ሁለቱንም ጎን ለጎን ይጻፉ።