ጉሬዛ ለማየት ጭራውን ፈልጉ

መናገሻ ሱባ ጫካ ሄዳችሁ አጭሯን የእግር መንገድ ጨርሳችሁ "ምንም አላየንም" ብላችሁ የተመለሳችሁ ካላችሁ ይቺን ሞክሯት። ጠዋት በተቻለ መጠን በጊዜ ግቡ፣ ትንሽ እንደሄዳችሁ ቁሙና ፀሐይዋን ከጀርባችሁ አድርጋችሁ ብርሃን ቀድሞ የነካቸውን የጽድና የዝግባ ጫፎች ብቻ ቃኙ፣ አስር ደቂቃ ያህል፣ ያለ ወሬ። እንስሳውን ሳይሆን ጭራውን ነው የምትፈልጉት! ጉሬዛ ጥቁሩ ሰውነቱ ጥላ ውስጥ ይጠፋል፣ ጭራው ግን ጫፉ ነጭና ጎፈር ያለ ስለሆነ ከቅርንጫፉ ስር እንደ ነጠላ ዘርፍ ተንጠልጥሎ ይታያል፣ አንዱን ካገኛችሁ ደግሞ በቡድን ስለሚኖሩ ሌሎቹም እዛው ናቸው።

ለምን ይሰራል? ቦታው ደጋ ነው ሌሊቱ ይበርዳል፣ የጉሬዛ ዋና ምግብ ደግሞ ቅጠል ነው፣ ቅጠል ብዙ ጉልበት አይሰጥም፣ ሆዱም እንደ ላም ክፍል ክፍል ሆኖ ቀስ ብሎ ነው የሚፈጨው። ስለዚህ ቁጥብ ነው፣ ጠዋት ዛፍ ጫፍ ላይ ወጥቶ ፀሐይ ይሞቃል ከዛ ነው ለመብላት የሚንቀሳቀሰው። ስፒከር ከፍታችሁ ከገባችሁ ግን እርሱት።

ሐምሌና ነሐሴ ላይ ጉም ስለሚበዛ ይሄ ዘዴ ብዙም አይረዳም፣ መንገዱም ጭቃ ነው፣ ሶሉ ያለቀ ስኒከር ያንሸራትታል። ደግሞ እባካችሁ ሙዝና ብስኩት አትስጧቸው፣ ያ ቅጠል የለመደ ሆድ ጣፋጭ ነገር ሲገባበት ይታመማል።