የቪክቶሪያ ዘመን የኮሚክ ኦፔራ የጋዜጣ ሥዕሎች፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የደራሲው የጊልበርትና የሙዚቃ ቀማሪው የሰሊቫን የመጀመሪያዎቹ ኮሚክ ኦፔራዎች (አስቂኝ የዘፈን ተውኔቶች) ለንደን ላይ ሲታዩ፣ በትርኢት መሃል ፎቶግራፍ ማንሳት አይቻልም ነበር። መድረኩን ያቆዩልን የየሳምንቱ ሥዕላዊ ጋዜጦች ናቸው። ውድ ምስክሮች ናቸው፤ እንዴት እንደተሠሩ ሳያውቁ የሚያነቧቸው ግን በቀላሉ ይሳሳታሉ። (ቀኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ትልቁ ስህተት ሥዕሉን እንደ ፎቶግራፍ መቁጠር ነው። ሠዓሊው የተለያዩ ትዕይንቶችን በአንድ ገጽ ሊያገናኝ፣ ርቀው የቆሙ ተዋንያንን ሊያቀራርብ ይችላል። «ቴስፒስ» የተባለው ኦፔራቸው ታኅሣሥ 26 ቀን 1871 በጌይቲ ቲያትር ተከፈተ፤ የሠዓሊው የዲ. ኤች. ፍሪስተን ሥዕል ጥር 6 ቀን 1872 በኢለስትሬትድ ለንደን ኒውስ ጋዜጣ ወጣ። የኦፔራው ሙዚቃ አብዛኛው ስለጠፋ ሰው ሁሉ ይህችን ሥዕል የሙጥኝ ይላል። «ተዋናዩ እዚህ ጋ ነበር የቆመው» ከማለትዎ በፊት ግን የተውኔቱን የመድረክ መመሪያ ያንብቡ፤ የተዋንያኑ የስቱዲዮ ፎቶ ካለም ከልብሱ ጋር ያስተያዩ።

ሁለተኛው፣ እያንዳንዱን መስመር የሠዓሊው እጅ አድርጎ ማየት ነው። ሥዕሉ ለኅትመት የሚቀረጸው ቦክስዉድ በተባለ ጠንካራ እንጨት ላይ ነበር። ዛፉ ቀጭን ስለሆነ ለትልቅ ሥዕል ትናንሽ ቁራጮች ከጀርባ በብሎን ይታሰራሉ። ሥራው ሲቸኩል ብሎኑ ይፈታና ቁራጮቹ ለተለያዩ ቀራጮች ይከፋፈላሉ፤ ተቀርጸው ሲመለሱ እንደገና ታስረው መጋጠሚያው ይስተካከላል። በአጉሊ መነጽር መጋረጃውን ወይም ሰማዩን ቢያዩ፣ ቀጥ ብላ የምታልፍ እንደ ፀጉር የቀጠነች ነጭ መስመር ያገኛሉ፤ ከግራና ከቀኟ ያሉት ጭረቶችም አንዳንዴ አይገጥሙም። ይህ የቁራጮቹ መጋጠሚያ እንጂ የወረቀት እጥፋት ወይም የመድረክ ዕቃ ጠርዝ አይደለም፤ በኮምፒውተርም አያጥፉት። ግርጌ ላይ ሁለት ፊርማ ካለ፣ «ኤስ ሲ» (sc) የሚሉ የላቲን ፊደላት የተከተሉት የቀራጩ ነው፤ ትርጉሙም «ቀረጸው» ማለት ነው። የቀራጩን ስም ለሠዓሊው የሰጡ መግለጫዎች ብዙ ናቸው።

«የመዳብ ቅርጽ» ብሎ መጥራትም ስህተት ነው። እንጨቱ የኅትመት ቀለም የሚይዘው ከፍ ብሎ በቀረው ገጽ ላይ ስለሆነ ከፊደሉ ጋር አብሮ ይታተማል፤ በሥዕሉ ዙሪያ የመዳብ ሰሌዳ የሚተወው ጉድጓድ የለም።

ጋዜጣው የወጣበትን ቀን የትርኢቱ ቀን አድርገው አይጻፉ። «ትራያል ባይ ጁሪ» የተባለው ኦፔራቸው መጋቢት 25 ቀን 1875 በሮያልቲ ቲያትር ተከፍቶ፣ የፍሪስተን ሥዕል በኢለስትሬትድ ስፖርቲንግ ኤንድ ድራማቲክ ኒውስ የወጣው ግንቦት 1 ቀን ነው፤ አምስት ሳምንት አልፎታል። ሁለቱንም ቀን ይመዝግቡ።

ቀለም ያለው ነጠላ ገጽ ካገኙ የልብሱን ቀለም ከእሱ አይውሰዱ። የሳምንቱ መደበኛ ገጾች በጥቁር ብቻ የታተሙ ናቸው፤ ቀለሙን ብዙ ጊዜ የሚቀቡት ገጹን ነጥለው የሚሸጡ ነጋዴዎች ናቸው።

ስካን ሲያደርጉ የጀርባው ጽሑፍ እንዳይታይ ከሥሩ ጥቁር ወረቀት ያድርጉ። በ600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 600 ነጥብ)፣ በግራጫ አንስተው ቲፍ በተባለው የምስል ፋይል ዓይነት ያስቀምጡ፤ ንጹሕ ጥቁርና ነጭ ከመረጡ የተቀራረቡት ጭረቶች ተደፍነው ጥላው ጥቁር ነጠብጣብ ይሆናል። የላዩን ቀንና የታቹን መግለጫ ቆርጠው አይጣሉ።