የኮልድ ፊውዥን መሞከሪያ ሴል እንዴት ይሠራል?

እ.ኤ.አ. በማርች 1989 ማርቲን ፍላይሽማንና ስታንሊ ፖንስ የተባሉ ኬሚስቶች በዩታ ዩኒቨርሲቲ መግለጫ ሰጡ። ጠረጴዛ ላይ በሚቀመጥ የመስታወት ዕቃ፣ በተራ የክፍል ሙቀት፣ የኑክሌር ውህደት (የአተም እምብርቶች ተዋህደው ኃይል የሚለቁበት ሂደት) አገኘን አሉ። ኮልድ ፊውዥን የሚባለው ይህ ነው። ዓለም ተረባረበበት። አብዛኛው ቤተ ሙከራ ግን ባዶ እጁን ቀረ። ዛሬም ውጤቱን በአስተማማኝ ሁኔታ መድገም የቻለ የለም። ስለዚህ ኃይል አመነጭበታለሁ ብላችሁ አትሥሩት። ሙቀት መለካትን ለመማር ግን ግሩም ሙከራ ነው።

ዕቃዎቹ ብዙ አይደሉም። ለካቶድ (ለኔጌቲቩ ጫፍ) የፓላዲየም ሽቦ፣ ለአኖድ (ለፖዘቲቩ ጫፍ) የፕላቲነም ሽቦ፣ ከረንት እንዲያስተላልፍ በሊትር 0.1 ሞል ሊቲየም ዲዩተሮክሳይድ ያለበት ከባድ ውሃ (በተራው ሃይድሮጅን ፋንታ ዲዩቴሪየም የተባለው ከባድ ሃይድሮጅን ያለበት ውሃ)፣ ባለ ድርብ ግድግዳ መስታወት፣ የማይዋዥቅ ከረንት የሚሰጥ ፓወር ሰፕላይ፣ ቴርሞሜትሮች፣ ትንሽ ማሞቂያ ሬዚስተር። ከባድ ውሃ የአየሩን እርጥበት ይስባል። ጠርሙሱን ከፍታችሁ አትተዉት።

ፓላዲየሙን መሃል አቁሙ። ፕላቲነሙን ሳይነካው ዙሪያውን ጠምጥሙት። ክዳኑ ላይ ጋዝ የሚወጣበት ቱቦ አድርጉና ወደ ውጭ ምሩት። ይህችን ነገር በቀላሉ እንዳታዩዋት። የሚወጣው ዲዩቴሪየምና ኦክስጅን ተቀላቅሎ ይፈነዳል። እ.ኤ.አ. በ1992 ካሊፎርኒያ ውስጥ እንዲህ ያለ ሴል ፈንድቶ አንድ ተመራማሪ ሞቷል። ፈሳሹም ቆዳ ያቃጥላል፤ መነጽርና ጓንት ግድ ነው።

ከረንት ከመልቀቃችሁ በፊት ሴሉን አስተካክሉ (ካሊብሬት አድርጉ)፤ ማለትም ስንት ዋት ምን ያህል እንደሚያሞቀው እወቁ። ማሞቂያዋን በሚታወቅ ዋት አብሩ፣ ሙቀቱ እስኪረጋ ጠብቁ፣ መዝግቡ። በተለያየ ዋት ደጋግሙት።

አሁን ከረንቱን በትንሹ ጀምሩ። ዲዩቴሪየሙ ቀስ እያለ ፓላዲየሙ ውስጥ ይሰርጋል፤ ብረቱም ያብጣል። የሽቦውን ሬዚስታንስ እየለካችሁ ተከታተሉ። ወደ እጥፍ ይጠጋና መልሶ መውረድ ይጀምራል። ያን ጊዜ ለ4 የፓላዲየም አተም 3 ያህል ዲዩቴሪየም ገብቷል ማለት ነው። የሚጎድለውን ከባድ ውሃ ሙሉ፤ በአንድ አምፔር በሰዓት 0.37 ግራም ገደማ ይበላል።

ዋናው ነገር ሂሳቡ ነው። 5 ቮልትና 0.5 አምፔር ብትሰጡ የገባው 2.5 ዋት ነው። ከዚህ ላይ 1.54 ቮልቱ ውሃውን ለመሰንጠቅ ስለሚውል 0.77 ዋት ከጋዙ ጋር ይሄዳል። ሴሉ ውስጥ መቅረት ያለበት 1.73 ዋት ነው፤ ከዚህ በላይ ከለካችሁ ትርፍ ሙቀት የሚባለው እሱ ነው። ጋዙ እዚያው ውስጥ መልሶ ከተዋሃደ ግን ያ 0.77 ዋት ሙቀት ሆኖ ይመለስና ተአምር ይመስላል። ብዙ ሰው የተሸወደው እዚህ ጋ ነው።

ለማነጻጸር ጎን ለጎን ተራ ውሃ ያለበት ሌላ ሴል ሥሩ፤ ለሱ በ1.54 ፋንታ ቁጥሩ 1.48 ቮልት ነው። ሌላም ማመሳከሪያ አለ። በሚታወቀው የዲዩቴሪየም ውህደት አንድ ዋት ቢገኝ በሰከንድ ወደ አንድ ትሪሊዮን የሚጠጋ ኒውትሮን ይወጣል፤ አጠገቡ የቆመ ሰው አይተርፍም ነበር።

ትርፍ ሙቀት አየሁ የምትሉ ከሆነ መጀመሪያ የሚወጣውን ጋዝ መጠን ለኩ። ከከረንቱ ስሌት ካነሰ ምክንያቱን አግኝታችኋል። ካላነሰ ማሞቂያዋን መልሳችሁ አብሩና ማስተካከያውን እንደ አዲስ ሥሩት።