ከጤፍ ዋጋ ዝርዝር ወደ ፕሮግራሚንግ፦ ለጋዜጠኛ

ፕሮግራሚንግ መማር የሚፈልግ ጋዜጠኛ ኮርስ ከመፈለጉ በፊት ጥያቄ ይፈልግ። የእኔ ጥያቄ የመጣው ከደብረ ማርቆስ ገበያ ነው፤ የአንድ ኩንታል ጤፍ ዋጋ በጎጃም ከተሞች መካከል ምን ያህል ይለያያል? ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ጀምሬ ሁለቱንም ጊዜ ያቆምኩት መልስ የምፈልግለት ነገር ስላልነበረኝ ነው።

ነገሩ ለሙያው አዲስ አይደለም። አሜሪካዊው ጋዜጠኛ ፊሊፕ ሜየር እ.ኤ.አ. በ1967 ከዲትሮይት ሁከት በኋላ የነዋሪዎችን መልስ በኮምፒውተር ተንትኖ፣ በሁከቱ የተሳተፉት ያልተማሩት ናቸው የሚለውን ግምት አፍርሷል።

መጀመሪያ ኤክሴልን ይልመዱ። መደርደር፣ ማጣራትና መደመር ካልቻሉ ፓይተን የተባለው የፕሮግራሚንግ ቋንቋ አይጠቅምዎትም። ከዚያ ፓይተንን ኮምፒውተርዎ ላይ ይጫኑ፤ ነፃ ነው። በኢንተርኔት ብቻ የሚሠሩትን መለማመጃዎች አልመክርም፤ መስመሩ በተቋረጠ ቁጥር ትምህርቱም ይቋረጣል። ዝርዝሩ በወረቀት ከሆነ ይተይቡት፣ ፋይሉንም ዩቲኤፍ-8 በሚባለው አቀማመጥ ያስቀምጡ፤ ካልሆነ ፊደሉ ወደ ጥያቄ ምልክት ሊለወጥ ይችላል።

አሁን ብዙዎችን የሚጥለው ደረጃ ይመጣል፤ የቦታ ስሞችን ማስተካከል። የመጀመሪያ ዘገባዬን ያበላሸሁት እዚህ ነው። ከአንድ መሥሪያ ቤት ያገኘሁት ዝርዝር በተለያዩ ሰዎች እጅ የተሞላ ነበር፤ «ደብረ ማርቆስ»፣ «ደብረማርቆስ»፣ «ደ/ማርቆስ»። ኮምፒውተሩ ሦስት ከተማ አድርጎ ቆጠራቸው። «ፍኖተ ሰላም» እና «ፍኖተ ሠላም»ም ሁለት ሆኑ። ዋጋ የጨመረባቸውን ከተሞች ቁጥር አጋንኜ አወጣሁ፤ ስህተቱን ያገኘው አንድ የቡሬ ነጋዴ ነው። እርማት ጻፍኩ፤ ያ ነጋዴ ግን ከዚያ በኋላ ስልኬን አያነሳም።

መፍትሔው ይህ ነው። ኮምፒውተር ፊደላትን በሚለይበት፣ ዩኒኮድ በተባለው ሥርዓት እያንዳንዱ ፊደል ቁጥር አለው። ሀ 4608 ነው፣ ሐ 4624፤ ልዩነታቸው 16 ነው። ከሀ እስከ ሆ ያሉት ሰባቱም ከሐ እስከ ሖ ካሉት ጋር በዚሁ ርቀት ይገጥማሉ። ኀ ከሀ በ128፣ ዐ ከአ በ48፣ ፀ ከጸ በ8 ይርቃሉ፤ ሠ ደግሞ ሰን በ16 ይቀድማል። ስለዚህ ሠላሳ አምስት የመተኪያ ትዕዛዝ መጻፍ አያስፈልግም፤ ለእያንዳንዱ የፊደል ቤተሰብ ሰባት ጊዜ የሚዞር አንድ ሉፕ፣ ማለትም ራሱን የሚደጋግም ትዕዛዝ፣ ይበቃል። ሉፑ «ዓባይ»ን «ኣባይ» ያደርገዋልና ኣን ወደ አ፣ ሃንም ወደ ሀ የሚመልስ መስመር ይጨምሩ። «ጐጃም»ን ከ«ጎጃም» ጋር የሚያገናኝም እንዲሁ። ቀጥሎ ክፍት ቦታዎችን ያጥፉ። እንደ «ደ/ማርቆስ» ያሉትን አጽሕሮቶች ግን ምንም ሉፕ አያውቃቸውም፤ በእጅዎ የመፍቻ ሠንጠረዥ ያዘጋጁላቸው።

ይህን ሁሉ በአዲስ ዓምድ ይሥሩ እንጂ የመጀመሪያውን ጽሑፍ አይንኩ። የተስተካከለው ስም ለመቁጠር ብቻ ነው፤ በዘገባው ላይ የሚታተመው ትክክለኛው አጻጻፍ ነው። ደጀን ከተማንና ደጀን ወረዳንም አንድ እንዳያደርጉ፤ ያንን የሚለየው አገሩን የሚያውቅ ሰው ነው።

ቀናቱ ሌላ ወጥመድ አላቸው። የፓይተን ቀን መቁጠሪያ ጳጉሜን አያውቅም። ጥቅምት 30 በቁጥር 30/2 ተብሎ ከተጻፈ የፈረንጆቹ ሁለተኛ ወር 30 ቀን ስለሌለው ስህተት ነው ብሎ ይቆማል፤ ይህ እንኳ ደግ ነው። ጥቅምት 20ን ግን ያለ አንዳች ተቃውሞ ይቀበልና በተሳሳተ ወር ያስቀምጠዋል። ዓመት፣ ወርና ቀንን በሦስት የተለያዩ የቁጥር ዓምዶች ይያዙ፤ ቅደም ተከተሉ አይፋለስም።

ድምሩና አማካዩ ከዚህ በኋላ የአንድ መስመር ሥራ ነው። ከማተምዎ በፊት ከፍተኛውንና ዝቅተኛውን ዋጋ ያውጡ። አንዱ ከሌላው መቶ እጥፍ ከሆነ፣ አንደኛው ወረዳ የኪሎ ዋጋ፣ ሌላው የኩንታል ዋጋ ሞልቶ ሊሆን ይችላል። ለሁለቱም ቦታ ይደውሉ፤ ከተቻለም በገበያ ቀን ሄደው ሚዛኑ አጠገብ ቆመው ይጠይቁ።