ያገለገለው ታብሌት ቻርጅ አልቀበል ያለበት ምክንያትና የጠገንኩበት መንገድ

ለእህቴ ልጅ ለትምህርቷ እንዲሆናት መርካቶ የገዛሁት ያገለገለ ታብሌት፣ ቻርጀር ሲሰካበት የባትሪው ምልክት ለአፍታ ብልጭ ብሎ ይጠፋ ነበር። ገመዱንና ቻርጀሩን ብቀይርም ለውጥ አልነበረም። የቻርጅ ቀዳዳውን በስልኬ መብራት ስመለከት ግን የጨርቅ ብናኝ ታጭቆበት አገኘሁ፤ በእንጨት ስንጥር ቀስ ብዬ ጠርጌ ካወጣሁት በኋላ ገመዱ ጠቅ ብሎ ገባ፣ ሆኖም ታብሌቱ አሁንም አልበራም።

ስለዚህ የጀርባ ሽፋኑን በቀጭን ፕላስቲክ ከፍቼ ባትሪውን በመልቲሜትር (በኤሌክትሪክ መለኪያ መሣሪያ) ስለካው 2.6 ቮልት አሳየኝ። ይህ ዓይነቱ የሊቲየም ባትሪ ሙሉ ሲሆን 4.2 ቮልት ገደማ ስለሚያሳይና ከ3 ቮልት በታች ሲወርድ ከመጠን በላይ እንደተሟጠጠ ስለሚቆጠር፣ ታብሌቱ ለረጅም ጊዜ ሳይሞላ እንደተቀመጠ ገመትኩ። እንዲህ ያለውን ባትሪ ከውጭ በቀጥታ ኃይል ሰጥቶ ማንቃትን የሚመክሩ ቢኖሩም፣ እሳት ሊያስነሳ ስለሚችል አላደረግሁትም፤ በልጅ እጅ ለሚያዝ ዕቃ ደግሞ ከቶ አይገባም። ቮልቴጁ፣ መጠኑና የማገናኛው ቅርጽ ከአሮጌው ጋር አንድ የሆነ አዲስ ባትሪ ገዝቼ ተካሁ።

ታብሌቱ በራ፤ ነገር ግን ገመዱ በተነካ ቁጥር ቻርጁ ይቋረጥ ነበር። በአጉሊ መነጽር ስመረምረው፣ የቻርጅ ቀዳዳው ከቦርዱ (የውስጥ ክፍሎቹ ከተገጠሙበት ሰሌዳ) ጋር ከተበየደባቸው እግሮች በአንደኛው ዙሪያ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ አየሁ። የባትሪውን ማገናኛ ነቅዬ ያንን እግር በቀጭን የመበየጃ ካውያ እንደገና በየድኩት። አሁን ገመዱን ብወዘውዘውም ቻርጁ አይቋረጥም፤ ትናንት ማታም አጠገቡ ተቀምጬ እየጠበቅሁት እስከ 100 በመቶ ሞላ።