ሲሲሊያን የሚባለውን የቼዝ አጀማመር በጥቁር ስትጫወቱ

ነጭ ወታደሩን ኢ4 ላይ (ፊደሉ ዓምዱን፣ ቁጥሩ ረድፉን ነው የሚያሳየው) ካቆመ፣ መልሳችሁ ሲ5 ይሁን። ቀጥሎ ዲ4 ላይ ወታደር በወታደር ስትለዋወጡ የሲ መስመር ለግንባችሁ ይከፈታል። እኔ ድራገን የሚባለውን የሲሲሊያን ዓይነት ነው የምጫወተው፤ ወታደሩ ጂ6፣ ጳጳሱ ጂ7።

በ6ኛው እርምጃ ነጭ ጳጳሱን ኢ3 ላይ ሲያወጣ ፈረሳችሁን ወደ ጂ4 እንዳትልኩ! ነጭ በሌላኛው ጳጳስ ከቢ5 «ቼክ» ይልና (ንጉሣችሁን ያጠቃና) ቢያንስ አንድ ፈረስ ትከስራላችሁ። ሁለት ጊዜ ተበልቼበታለሁ፣ ያውም በአንድ ውድድር።

አሁን ወደ ጣፋጩ። ባለፈው ውድድር ባላጋራዬ በንግሥቲቱ በኩል ካስል አድርጎ (ንጉሡንና ግንቡን በአንድ እርምጃ አዘዋውሮ) የኤች ወታደሩን ወደ ንጉሤ እያጣደፈ ነበር። ሰዓቴ ላይ 11 ደቂቃ ቀርቶኛል። ሲ8 ላይ በቆመው ግንቤ ሲ3 ላይ ያለውን ፈረሱን በላሁት። በቁጥር ካያችሁት ኪሳራ ነው፣ 5 ነጥብ የሚቆጠር ግንብ ሰጥቶ 3 የሚቆጠር ፈረስ መቀበል። ግን ያ ፈረስ የኢ4 ጠባቂ ነው፤ ነጭም በቢ ወታደሩ ሲበላ የንጉሡ ደጅ ወለል ብሎ ይከፈታል። ንግሥቴን ኤ5 አደረስኳት፣ በ31ኛው እርምጃ እጁን ሰጠኝ።

ከመብላታችሁ በፊት ግን ጂ7 ያለው ጳጳሳችሁ በሕይወት መኖሩን እዩ። ተለውጦ ከወጣ ግንቡን አትስጡ።