ሰው በሚጥል በሽታ ሲወድቅ ምን ይደረጋል?

ጎንደር ፒያሳ ላይ ሰው ሲወድቅ መጀመሪያ የሚፈለገው ክብሪት ነው። አንዱ ጭሮ አፍንጫው ሥር ይይዛል፤ ሌላው «ማንኪያ አምጡ!» ይላል። የቀረው «አረፋው ይጋባል» ብሎ ይሸሻል። ወንድሜ በሽታው ስላለበት ይህን ግርግር በደንብ አውቀዋለሁ። አረፋው ምራቅ ነው፤ በሽታውም ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም።

መጀመሪያ ሰዓት ይዩ። መንቀጥቀጡ አብዛኛውን ጊዜ በሦስት ደቂቃ ውስጥ በራሱ ይቆማል። ለደነገጠ ሰው ግን ግማሽ ሰዓት ይመስላል፤ ስለዚህ በግምት አይሆንም። ከምድጃ፣ ከድንጋይና ከመኪና ያርቁት። ጭንቅላቱ ሥር ነጠላ ወይም ጃኬት አጣጥፈው ያድርጉለት።

ከዚህ በኋላ ያለው ነው ከባዱ፦ እጅን መሰብሰብ። አፉ ውስጥ ምንም አይክተቱ። ምላሱን ይውጠዋል የሚባለው ውሸት ነው። ቢነክሰው እንኳ ቁስሉ ይድናል። ማንኪያ ግን ጥርስ ይሰብራል፣ ስባሪውም ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። ጣቱን የከተተማ የራሱ ጉዳይ! እጅና እግሩንም አፍነው አይያዙ። ነቅቶ መዋጥ እስኪችል ውሃ አይስጡት። ክብሪቱ የሚሠራ የሚመስለው፣ ተፈልጎ እስኪመጣ መንቀጥቀጡ ሊያበቃ ስለሚደርስ ነው።

ሲቆም በጎኑ ያስተኙትና እስኪነቃ አብረውት ይቆዩ። አምስት ደቂቃ ካለፈው፣ ሳይነቃ ከደገመው፣ ከተጎዳ፣ ነፍሰ ጡር ከሆነች ወይም የመጀመሪያው ከሆነ በተገኘው ባጃጅ ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ነው።

በሽታው ያለበት ሁሉ አይወድቅም። ክፍል ውስጥ ለሰከንዶች ፈዞ የሚቀር ልጅ፣ አንድ እጁ ብቻ የሚንቀጠቀጥ ሰውም ሊኖርበት ይችላል። በሽታው ሲነሳ ሐኪሙ እምብዛም ስለማያይ አንድ ሰው በስልክ ይቅረጽ። ከማንኛውም ገለጻ ይበልጣል። የአንጎል ኤሌክትሪክ ምርመራ ደህና ነው ቢባል እንኳ በሽታው የለም ማለት አይደለም። መነሻው በወሊድ ጊዜ የደረሰ ጉዳት፣ ማጅራት ገትር፣ አንጎል የነካ ወባ፣ የጭንቅላት አደጋ ወይም ስትሮክ ሊሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ ግን ምክንያቱ አይገኝም።

ሕክምናው በዋናነት ክኒን ነው። ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው ፌኖባርቢታል ርካሽ ነው፤ እንቅልፍ እንቅልፍ ማለቱ ያስጠላል እንጂ። በአግባቡ ከታከሙ ከ10 ሰዎች እስከ 7ቱ ሳይነሳባቸው መኖር ይችላሉ። «ተሻለኝ» ብሎ በድንገት ማቆም ግን ያለማቋረጥ የሚደጋገም፣ ሕይወት የሚያሳጣ መንቀጥቀጥ ሊያመጣ ይችላል። ጸበል ይሂዱ፣ ክኒኑን ግን ይዘው ይሂዱ። ለማርገዝ ያሰበች ሴት አስቀድማ ሐኪሟን ታማክር፤ ቫልፕሮኤት የሚባለው የዚሁ በሽታ መድኃኒት ጽንስን ሊጎዳ ይችላል።

በሽታው ያለበትን ሰው እሳትና ውሃ ዘንድ ብቻውን አይተዉት። በጥምቀት ፋሲለደስ ባሕረ ጥምቀት ውስጥ ዘሎ መግባትም ይቅርበት፤ ዳር ሆኖ ቢረጭ ይበቃዋል። መድኃኒቱ ደግሞ አልቆ ሳይሆን ሳምንት ሲቀረው ይገዛ። ፋርማሲው «የለም» ቢል ሌላ ቦታ ለመፈለግ ጊዜ ይኖራል።